ፕሮጀክተሩ አልተበላሸም ነበር

የእህቴ ልጅ 9 ዓመት ሊሞላው ሲል ምን ላምጣልህ ብለው «ስፓይደርማንን በትልቁ» አለኝ። በትልቁ ማለቱ ስልክ ላይ ተደፍቶ ሳይሆን ከሰፈር ልጆች ጋር፣ ግቢያችን ውስጥ ነው። ድሬዳዋ፣ ገንደቆሬ ያለው ግቢያችን ሰፊ ስለሆነ እሺ አልኩት። ፕሮጀክተር ከጓደኛዬ፣ ስፒከር ከጎረቤት ተዋስኩ። ፊልሙን ለመምረጥ ብዙም አላሰብኩም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ስፓይደርማን፡ ኢንቱ ዘ ስፓይደርቨርስ» አደረግኩት። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳየሁት። የመጀመሪያው ምሽት ልጆቹ ግማሹን ሳይገባቸው ተበተኑ። ሁለተኛውን ዛሬም ያወሩታል። ለሰፈሩ ልጆች እንዲህ ማድረግ የሚያስብ ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ድሬ ላይ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል፤ ታኅሣሥን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ጨለማውም ይበቃል፣ ነፋሻም ነው። ነፋሱ ግን ለአንሶላ አይሆንም። ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ሰቅዬ ከታች ድንጋይ ባስርለትም መርገብገቡን አልተወም፤ ብርሃኑንም ወደ ኋላ ስለሚያሳልፍ ምስሉ ፈዘዘ። ለሁለተኛው ጊዜ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁትና ተገላገልኩ።

ዋናው ችግር ግን አንሶላው አልነበረም። ፊልሙ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ አንዷ ልጅ «ጋሼ፣ ምስሉ ሁለት ሁለት ሆኗል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከኋላ ያሉት ፎቆችና መብራቶች ጠርዛቸው ላይ ቀይና ሰማያዊ ሆነው ተነጣጥለዋል። ፎከሱን አዞርኩ፣ ገመዱን ነቅዬ መለስኩ፣ ፊልሙን አቁሜ እንደገና አስነሳሁ። ያው ነው። ልጆቹ ማውራት ጀመሩ። በመጨረሻ ግድግዳው ድረስ ሄጄ ከቅርብ ሳየው የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ የማይልስ ፊት ጥርት ብሏል፤ የተዛነፈው የኋላው ብቻ ነው። ፕሮጀክተር ቢበላሽ መርጦ አይበላሽም።

እኔ የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ባለቀለም ሥዕል የምናወጣው በ4 ቀለሞች ነው፤ ሲያን (ውኃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር። እያንዳንዱ ቀለም በየተራው ወረቀቱ ላይ ያርፋል። አንዱ የፀጉር ያህል ከቦታው ፈቀቅ ካለ የሥዕሉ ጠርዝ ላይ የማይፈለግ ቀለም ብቅ ይላል፤ ወረቀቱም ይጣላል። የድሮ ኮሚኮች፣ ማለትም ታሪክ በሥዕል የሚተረክባቸው መጽሔቶች፣ በርካሽ ወረቀት፣ በጥድፊያ ይታተሙ ስለነበር ይህ መዛነፍ የተለመደ ነበር። የፊልሙ ሠሪዎች ያንን ስህተት ወስደው መሣሪያ አደረጉት፤ ሌላ ፊልም ራቅ ያለውን ነገር ሲያደበዝዘው እነሱ ቀለሙን አዛነፉት። ፊትና ጥላ ላይ የሚታዩት ነጥቦችም ከዚያው ከሕትመት የመጡ ናቸው፤ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ዴይ እ.ኤ.አ. በ1879 ካመጣው በነጥብ ቀለም የመሙላት ዘዴ። በሙያዬ በየቀኑ የማየውን ነገር ግድግዳ ላይ ሳየው አለማወቄ ቆጭቶኛል፤ ግን ደስታዬ ከቁጭቴ በለጠ። ለእኔ ሥራ የተጻፈ ደብዳቤ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

ያን ምሽት ግን ለልጆቹ ሳላስረዳ፣ ገና አንድ ሰዓት ሳንጨርስ መብራት ጠፋ።

የሰፈራችን ልጆች ኮሚክ እያገላበጡ አላደጉም። የታተመ ገጽ ሲንቀሳቀስ እያዩ መሆኑን የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ በሁለተኛው ምሽት ከፊልሙ በፊት የብስኩት መጠቅለያ ሰብስበው እንዲመጡ ነገርኳቸው። ስልኬ ካሜራ ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ በጥንቃቄ አስቀመጥኩ፤ ጠብታዋ እንደ ማጉያ መነጽር ትሆናለች። መጠቅለያው ላይ ጠጋ ሳደርገው ብርቱካናማ የነበረው ሁሉ የቢጫና የማጀንታ ነጥብ ሆኖ ቁጭ አለ። ልጆቹ ተራ እየተጋፉ አዩት። አንዱ መጠቅለያ ላይ ደግሞ ቀለሙ ተዛንፎ ስለነበር እሱን እያሳየሁ «ይሄንን ፊልሙ ውስጥ ፈልጉልኝ» አልኳቸው።

ሌላም ጨመርኩ። በሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ያልፋል። ማይልስ ገና ኃይሉን መቆጣጠር ሳይችል ግን በአንዳንድ ትዕይንቶች ለእሱ 12 ብቻ ነው የሠሩለት፤ እያንዳንዱ ምስል ሁለቴ ይቆያል። በረዶ ያለበት ጫካ ውስጥ ልምድ ካለው ሌላ ስፓይደርማን፣ ከፒተር ጋር ሲወዛወዝ ፒተር ይፈሳል፣ ማይልስ ይቆራረጣል። ይህንን በሁለት ደብተር አሳየሁ፤ የገጾቹ ጥግ ላይ የሚዘል ሰው ስዬ፣ በአንደኛው በየገጹ፣ በሌላኛው እያንዳንዱን ሥዕል ሁለቴ ደግሜ። ጫካው ሲመጣ የእህቴ ልጅ ብድግ ብሎ «ደብተሩ!» ብሎ ጮኸ።

ትርጉሙን በተመለከተ ከስህተቴ ተምሬያለሁ። በመጀመሪያው ምሽት እያንዳንዱን ንግግር በአማርኛ ስደግም ልጆቹ ግድግዳውን ትተው እኔን ያዩ ነበር። በሁለተኛው ታሪኩን አስቀድሜ በአጭሩ ነገርኳቸውና ፊልሙ ሲሄድ ዝም አልኩ። ያነበብኩላቸው ማይልስን ሸረሪቷ ከነከሰችው በኋላ ሐሳቡ የሚጻፍባቸውን ሳጥኖችና ካልተነገረ ታሪኩ የሚጠፋበትን ቦታ ብቻ ነው። ፊልሙ ውስጥ ስፓይደርማን አንድ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ የሸረሪት ሰው ራሱን የሚያስተዋውቀው በአንድ ዓይነት አነጋገር ስለሆነ ሦስተኛው ሲመጣ ልጆቹ ቀድመውኝ አሉት።

ሳልተረጉመው የቀረ ነገርም አለ። ማይልስ ከእናቱ ጋር ሲያወራ ስፓኒሽ ይቀላቅላል፤ ፊልሙም ከታች ትርጉም አይጽፍበትም። ላቆምና ላስረዳ ስል የጎረቤታችን ልጅ ለታናሽ ወንድሟ በኦሮምኛ ሹክ ስትለው ሰማኋት፤ ቀጥላ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «የቤቱን ቋንቋ ነው የሚያወራው አይደል?» አለች። ቤት ኦሮምኛ ወይ ሶማልኛ፣ ውጪ አማርኛ ሲሉ ለሚውሉ የድሬ ልጆች ምኑን አስረዳለሁ።

ለመብራቱ ጀነሬተር ተከራየሁ፤ ድምፁ እንዳይረብሽ ከአጥሩ ውጪ አስቀምጠን ገመዱን በበር ሥር አሳለፍነው። ፊልሙ 117 ደቂቃ ስለሆነ መሐል ላይ አሥር ደቂቃ ያህል አሳረፍኳቸው፤ ትንንሾቹ ያለዚያ አይችሉም። በዕረፍቱ ማን እንደሠራው ጠየቁኝ። ዳይሬክተሮቹ ሦስት መሆናቸውን፣ ከእነሱ አንዱ ፒተር ራምሴይ በአኒሜሽን ፊልም ኦስካር በመቀበል የመጀመሪያው ጥቁር ዳይሬክተር መሆኑን ነገርኳቸው። «እንደ ማይልስ ጥቁር?» አለ አንዱ። አዎ አልኩት።

ከሳምንት በኋላ የእህቴ ልጅ ደብተሩን ይዞ ማተሚያ ቤት መጣ። ስፓይደርማንን በእርሳስ ስሎ ከኋላው የባቡር ጣቢያችንን አድርጎበታል። የጣቢያው መስመር ሁሉ ድርብ ነው፤ አንዴ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከጎኑ ደግሞ በሰማያዊ። ሰውየውንስ ለምን እንዲህ አላደረግከውም ብለው ቀና ብሎ አየኝና «እሱማ ቅርብ ነው» አለኝ።