ሱሉልታ ድንጋይ መቁረጫ ውስጥ የወጣው አንጓ

ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ ሰልፍ አታካች ነበር። የእንጦጦን ዳገት ተኝቼ አለፍኩት። ያናደደኝ ግን ባጃጁ ነው። ድንጋይ መቁረጫው ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ ልጁ ዝናቡን አይቶ 200 ብር ካልከፈልክ አልንቀሳቀስም አለኝ። እኛ ጎሮ በዚህ ብር ሰፈሩን ዞሬ እመለሳለሁ። ምን ላድርግ፣ ከፈልኩ።

በሩ ላይ ቡና የሚያፈሉ እናት ደግሞ ንዴቴን አስረሱኝ። «ና ልጄ፣ በስብሰህ የለም እንዴ!» ብለው የራሳቸውን ጋቢ አለበሱኝ። የቡናውንም ሒሳብ አልቀበልም አሉ።

የመጣሁት ወዳጄ ጠርቶኝ ነው። ከጀማ ሸለቆ የመጣ በሃ ድንጋይ ሲሰነጠቅ ቡናማ አጥንት ብቅ አለ። የአከርካሪ አንጓ ነው፤ ወርዱ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ሠራተኞቹ «ጋሼ፣ ይሄ የዓሣ ነባሪ ነው» አሉኝ።

ድንጋዩን በውኃ አጠብነው። ዙሪያውን ዛጎል ሞልቶታል። የባሕር እንስሳ መሆኑ ላይ ልክ ናቸው። ዓሣ ነባሪ ግን አይሆንም። ይህ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ ባሕር አገሩን በሸፈነበት ጊዜ የተነጠፈ ነው፤ ከ145 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ዓሣ ነባሪዎች የመጡት ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። የባሕር ተሳቢው ሞሳሶርም ከዚህ ድንጋይ በኋላ የመጣ ነው።

ዓሣ የሚመስለው የጥንት የባሕር ተሳቢ ኢክቲዮሶር ይሆን? የእሱ አንጓ አጭርና ክብ ነው፤ ሁለቱም ፊቱ በጣም ይጎደጉዳል። ይሄኛው ፊቱ ለጥ ያለ ነው፤ መሃሉ ላይ ብቻ ትንሽ ሰርጎድ ይላል። የስልኬን መብራት ከጎን አበራሁበት። ከአንጓው ሥር ምስር የሚያካክሉ ሁለት ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ታዩኝ። ልቤ ዘለለ! እነዚህ ጥንድ ቀዳዳዎች የፕሌሲዮሶር ዋና መታወቂያ ናቸው። በአራት መቅዘፊያ የሚዋኝ ተሳቢ እንስሳ ነበር። እንግሊዛዊቷ የቅሪተ አካል ፈላጊ ሜሪ አኒንግ የመጀመሪያውን ሙሉ አጽም ያገኘችው በ1823 እ.ኤ.አ. ነው።

የትኛው ዓይነት ፕሌሲዮሶር እንደሆነ ለመለየት የአንገት አንጓ ከሆነ የጎድን አጥንት መቀመጫውን ማየት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ጭንቅላተ ትልቁ ፕሊዮሶር በየጎኑ ሁለት ሁለት መቀመጫ ነበረው፤ አንገተ ረጅሞቹ አንድ አንድ። የእኛ ግን ጎኑ ተቆርጧል።

የመቁረጫው ባለቤት «ስንት ያወጣል?» አለኝ። አይሸጥም አልኩት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዛል። ቅር አላለውም፤ መጋዙን አስቆመ። ተቆርጦ የሄደው ጎን የት ነው ስለው፣ ለአንድ ቪላ ወለል ተሸጧል አለኝ። እዚያው ደወለ። ድንጋዩ ገና አልተነጠፈም፤ ሲሚንቶ እንዳይነካው ግቢ ውስጥ ለብቻው ሊያስቀምጡልን ተስማሙ።