አራተኛ ፎቅ ላይ ስድስት ሳምንት

ባለፈው ሐምሌ ዝናብ ባረጠበው ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ የቀኝ ቁርጭምጭሚቴ በመሰንጠቁ፣ እግሬ በጄሶ ታስሮ ስድስት ሳምንት ከቤት ሳልወጣ ከረምሁ። የምኖረው አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ በክራንች ያን ሁሉ ደረጃ ወርዶ መልሶ መውጣት ለሐኪም ቀጠሮ ካልሆነ በቀር የሚታሰብ አልነበረም። ወሬውን የሰሙ ወዳጆቼ «እንዳይሰለችህ» እያሉ በቴሌግራም የመተግበሪያና የድረ ገጽ መዓት ላኩልኝ፤ እኔም ጊዜ ሞልቶኝ ነበርና አብዛኛውን ሞከርሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳይጠፉ ስልኬ ላይ የቆዩት ጥቂቶቹ፣ ከአንዷ ጨዋታ በስተቀር፣ ሁሉም ውጪውን ወደ ቤቴ የሚያስገቡ ነበሩ። የተሰናበቱት ግን ቤቱን ይበልጥ አጠበቡብኝ።

መጀመሪያ የተሰናበቱት ባለቀለም ኳሶችን እየደረደሩ የሚያፈነዱባቸው ጨዋታዎች ናቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል ካጫወቱ በኋላ «ሕይወትህ አልቋል፤ ጠብቅ ወይም ክፈል» ይላሉ፤ ከመጠበቅ ሌላ ሥራ ለሌለው ሰው ይህ ማስፈራሪያ አይሆንም። የቀረችው ጨዋታ ሊቼስ የሚባለው ነጻ የቼዝ መድረክ ናት፤ ማስታወቂያ የለባትም፣ ገንዘብም አትጠይቅም፣ እንደ እኔ ያለውን ደካማ ተጫዋች ደግሞ ከቢጤው ጋር ታገናኘዋለች።

በዚያው ሰሞን በስልክ አዝዤ ያስመጣኋት የኪስ ፕሮጀክተር ነገር ግን እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ብርሃኗ እጅግ ደካማ ከመሆኑ የተነሣ ግድግዳው ላይ ምስል የሚታየው ክፍሉ ድቅድቅ ሲል ብቻ ነው፤ በእኛ ሰፈር ክፍሉ ድቅድቅ የሚለው ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነው፤ መብራት ሲጠፋ እርሷም ትጠፋለች። አሁን መጻሕፍቴን ደግፋ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች።

ቤቱን በእርግጥ ያሰፋልኝ ሬዲዮ ጋርደን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከኔዘርላንድስ የወጣው ይህ ድረ ገጽ የምድርን ሉል ያሳያል፤ በሉሉ ላይ እንደ ቡቃያ የፈሰሱት አረንጓዴ ነጠብጣቦች የሬዲዮ ጣቢያ ያለባቸው ከተሞች ሲሆኑ፣ ሉሉን በጣት አሽከርክሮ አንዱ ላይ ሲያቆሙት በዚያች ደቂቃ እዚያ የሚተላለፈው ፕሮግራም ይሰማል። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲሻገሩ የድሮውን ሬዲዮ ማዞሪያ የሚያስታውስ የመንሿሿት ድምፅ ያሰማል፤ አያቴ ቤት የነበረችውን ባለ አራት ድንጋይ ሬዲዮ ያስታወሰኝም እርሱ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ወደ ዌሊንግተን ስሄድ እዚያ ነግቶ የማግስቱ የጠዋት ዜና እየተነበበ አገኘዋለሁ። ከዛንዚባር የሚመጣውን የስዋሂሊ ወሬ ቋንቋውን ሳልሰማ እንኳ ለሰዓታት አደመጥሁ፤ ከመካከል አንድ የዐረብኛ ቃል ብቅ ሲል፣ ያ ቃል በእኛም አፍ ያለ ስለሚሆን፣ መንገድ ላይ የአገር ሰው እንዳገኘ ሰው ደስ ይለኛል። ስለ ዳታው ለሚጨነቅ፣ በሴኮንድ 128 ኪሎቢት የሚያስተላልፍ ጣቢያ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ ከቪዲዮ ጋር ሲተያይ ምጽዋት ነው።

አውሮፕላኖች ወደ ቦሌ ለማረፍ ዝቅ ብለው የሚያልፉት በእኛ መስኮት ትይዩ ነው። ለዓመታት ሲረብሸኝ የኖረውን ድምፅ ወደ ጨዋታ የለወጠው፣ በሰማይ ላይ ያሉ አውሮፕላኖችን በካርታ የሚያሳየው ፍላይትራዳር24 ነው። አውሮፕላኑ ራሱ የሚገኝበትን ቦታ ከሳተላይት ተቀብሎ፣ ማንነቱን፣ ከፍታውንና ፍጥነቱን ጨምሮ በ1090 ሜጋኸርትዝ ሞገድ ያለማቋረጥ ወደ ምድር ይልካል። ይህን መልእክት የሚለቅመው በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች በየጣሪያቸው ላይ የተከሉት ትንሽ መቀበያ ነው። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት ስዊድናውያን ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የጀመሩት ሲሆን፣ ከ2009 ጀምሮ መቀበያ ያለው ሁሉ እንዲሳተፍበት ተከፈተ። መቀበያ በሌለበት በረሃና ውቅያኖስ ላይ አውሮፕላኑ ያለበት ቦታ በግምት ይሣላል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይሰወርና ከብዙ ቆይታ በኋላ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል።

የጎረቤቴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየመጣ መስኮቱ ሥር ይቀመጥ ነበር። ደንብም አወጣን፤ ድምፁ ሲሰማ እርሱ መነሻውን ይገምታል፣ እኔ ስልኩን እከፍታለሁ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ከዱባይ ነው።»

«በምን ዐወቅህ?»

«አክስቴ የምትመጣው በዚህ ሰዓት ነዋ!»

ስልኩን ስከፍተው ከቻይናዋ ጓንግዡ የመጣ የጭነት አውሮፕላን ሆኖ ተገኘ። ልጁ ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «እሺ፣ የእሷ የት ደርሷል?» አለኝ። አክስቱ የምትመጣው ለአዲስ ዓመት እንደሆነ እናቱ ነግራኝ ነበር፤ ሆኖም ከዱባይ የተነሣ አንድ አውሮፕላን ፈልገን ቀይ ባሕርን ሲሻገርና ወደ እኛ ሲቃረብ ተከታተልነው። ልጁ አንድ ሰዓት ሙሉ ከአጠገቤ አልተነሣም፤ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ሲያልፍም በሁለት እጁ አውለበለበለት።

መብራትም ኔትወርክም አብረው በሚጠፉባቸው ምሽቶች የሚያገለግሉኝ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ኪዊክስ ነው፤ ዊኪፔዲያን አስቀድሞ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ሁለተኛው አንድ ፈረንሳዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው ስቴላሪየም ነው፤ ያሉበትን ቦታና ሰዓት ሲነግሩት በዚያች ቅጽበት ከራስ በላይ ያለውን ሰማይ ያወጣል። ክረምት በመሆኑ እውነተኛው ሰማይ በደመና ተሸፍኖ ነበርና፣ ከደመናው በስተጀርባ ያለውን በስልኬ አየሁ ማለት ይቻላል። በሐምሌ ምሽት በስተደቡብ ከፍ ብሎ የሚታየው በእኛ ኮከብ ቆጠራ አቅራብ የምንለው ጊንጡ ነው፤ ልቡ ላይ ቀላ ያለ ኮከብ አለ። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም ክንድን ዘርግተው አድማሱ ላይ አንድ ቡጢ ቢያስቀምጡ የሚሆነው ያህል ነው። አርባ ዓመት እዚህ ከተማ ኖሬ ይህ ኮከብ ከእንጦጦ ሸንተረር ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ እንደሚቆም አላውቅም ነበር። ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ሰማዩ ሲገለጥ በክራንች በረንዳ ወጥቼ በተባለው ቦታ አገኘሁት፤ የሰፈሩ ሰው ግን ለምን ቡጢዬን ወደ እንጦጦ እንደዘረጋሁ ሳይገረም አልቀረም።

ከሁሉ ብዙ ሰዓት የወሰደብኝ በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአገራችን ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች እዚያ ተቀምጠዋል፤ በነጻ ተመዝግቦ ብዙዎቹን ገጽ በገጽ ማገላበጥ ይቻላል። የእነዚህን ብራናዎች ዝርዝር በማዘጋጀት ረጅም ዘመን የደከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1975 በጥይት ተመትተው ቀሪ ዘመናቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያሳለፉ ሊቅ መሆናቸውን ሳስታውስ፣ ስለ ስድስት ሳምንት ጄሶ ማጉረምረሜን አቆምሁ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ጸሐፊው ለቅዱሳን ስም የተጠቀመበት ቀይ ቀለም ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ ዓይን ሲለምድ ግን ስሞቹ ከሩቅ ይለያሉ። ግእዜ የቄስ ትምህርት ቤት ትርፍራፊ ነውና የምረዳው ጥቂቱን ነው። እኔን የሚያቆየኝ ከዋናው ጽሑፍ ውጪ የተጨመረው ነው፤ የተዘለለ ቃል በመስመሮች መካከል ተጨምሮ፣ ባዶ ቅጠል ላይ ደግሞ በሌላ እጅ፣ በጎረበጠ ፊደል፣ የመሬት ጉዳይ ተጽፎ ይገኛል።

የመጨረሻው መጫወቻዬ አንዲት የውኃ ጠብታ ናት። ስልኩን ማያው ወደ ላይ እንዲሆን አጋድሞ፣ በስቴኪኒ ጫፍ አንዲት ጠብታ የፊት ካሜራው መስታወት ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ጠብታዋ ክብ ስለሆነች እንደ ማጉያ መነጽር ትሠራለች። የሚታየውን ነገር ከጠብታዋ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ አድርጎ መያዝ ይበቃል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነገር ከሆነ ደግሞ የመስኮቱ ብርሃን ራሱ ያደምቀዋል። ከቀይ ሽንኩርት ላይ ስሱን ሐምራዊ ሽፋን ልጦ ማየት የመጀመሪያው ሙከራዬ ነበር፤ ሕዋሳቱ እንደ ግንብ ጡብ ተደርድረው፣ አንዳንዱ ሐምራዊ አንዳንዱ ባዶ ሆኖ ታዩ። ቀጥሎ አንድ ሚሊሜትር ገደማ የምትሆነው የጤፍ ፍሬ እንደ ወንዝ ጠጠር ሆና ወጣች። ስልካቸው ውኃ የማይችል ሰዎች ግን ጠብታዋን ከሰናፍጭ ፍሬ እንዳያሳልፏት እመክራለሁ።

ይህን ያሳየሁት ልጅ ከዚያ ወዲያ ስለ አውሮፕላን መጠየቁን ተወ። ጄሶው በተፈታልኝ ማግስት ጠዋት በሩን አንኳኩቶ ስከፍትለት፣ በግራ እጁ የክብሪት ሳጥን፣ በቀኙ ስቴኪኒ ይዞ ቆሟል። ከሳጥኑ ውስጥ የሚቧጭር ነገር ይሰማል። «ጋሼ፣ ስልክህ ቻርጅ አለው?» አለኝ።