ከምሳ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ለእርግዝና ክትትል ስሄድ፣ የእንግዴ ልጅ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የደም ስኳርን የሚቀንሰውን የኢንሱሊንን ሥራ ስለሚያዳክሙ በእርግዝና ወቅት ስኳር ሊመጣ እንደሚችል ሐኪሟ በትዕግሥት አስረዳችኝ። የደም ስኳር መጠኑ በባዶ ሆድ ከ95፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ140 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች መሆን አለበት። ምርመራው ብዙውን ጊዜ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ስለሚደረግ፣ እህቶቼ፣ ምንም ባያማችሁም እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ።

ቤት ስደርስ አማቴ "ልጄ፣ ነፍሰ ጡር እኮ ነሽ፣ ጨምሪ እንጂ" እያሉ ድንች ወጥ በሙሉ እንጀራ አቀረቡልኝ። እንጀራውን ከግማሽ በታች ቀንሼ፣ ድንቹን ትቼ፣ ጎመንና ምስር አብዝቼ በላሁ፤ ከዚያም ግቢውን እየዞርሁ ቆየሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ጣቴን ወግቼ ስለካ 128 ሆነ። አማቴም ቁጥሩን ካስረዳኋቸው በኋላ የእራቱን ወጥ ያለ ድንች ሠሩት።