ትከሻ ሲወልቅ

ወንድሜ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ትከሻው ወለቀ። ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ነው ቤት የገባው። የትከሻው ክብነት ጠፍቶ ጫፉ ሹል ብሏል፣ ከፊት በኩል ደግሞ ድሮ ያልነበረ እብጠት መሳይ ነገር ይታያል። ያ የክንዱ አጥንት ራስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ነው የሚወጣው።

እማዬ ወዲያው «ወጌሻውን ጥሩልኝ» አለች። አልፈርድባትም። ልጅ ሆና ክንዷን መልሰው ያሿት ወጌሻ ናቸው፣ ድናለችም። የሳቸውን እጅ አልንቅም። ግን ከውልቃቱ ጋር አጥንት ተሰብሮ እንደሆነ እጅ ብቻውን አያውቅም። ተሰብሮ ከነበረና ዝም ብሎ ከተሳበ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ክንዱን በነጠላ ከደረቱ ጋር አስረን ሐኪም ቤት ሄድን።

ሐኪሟ መጀመሪያ ትከሻውን አልነካችም። ከትከሻው ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል ያለውን ቆዳ በጥጥ ዳሰስ እያደረገች «ይሰማሃል?» አለችው። እዚያ የሚዞር ነርቭ አለ፣ ትከሻ ሲወልቅ ሊጎዳ ይችላል። የእጅ አንጓው ላይ የደም ትርታውን አየች። ከዚያ ራጅ፣ ከዚያ ማስታገሻ፣ ከዚያ ቀስ እያለች ስባ መለሰችው። ከተመለሰ በኋላም ድጋሚ ራጅ ተነሳ።

በዚህ መሃል አንድ ነገር ልለምናችሁ። የወለቀም ይሁን የተሰበረ፣ በቀርከሃም ሆነ በፋሻ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ሰው ቤታችሁ ካለ ጣቶቹን እዩለት። ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያውን ወዲያው ፈትታችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ደም አጥቶ እጁ የተቆረጠ ልጅ በዚህ አገር ብርቅ አይደለም፣ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ወንድሜ አሁን ሕመሙ ስለቀለለው የዳነ መስሎታል። አልዳነም። ትከሻ ትልቅ ኳስ ጥልቀት በሌለው ጎድጓዳ ላይ የተቀመጠበት መገጣጠሚያ ነው። እንደ ልብ የሚዞረውም ቶሎ የሚወልቀውም ለዚህ ነው። አንዴ ሲወልቅ ብዙ ጊዜ ከፊት የሚይዘው ጅማት ይቀደዳል፣ በተለይ እንደ እሱ ወጣት የሆነ ሰው ላይ ደግሞ መልሶ መላልሶ ሊወልቅ ይችላል። እጁ ታስሮ ይቆያል፣ ቀጥሎ ጡንቻውን የሚያጠነክር ፊዚዮቴራፒ አለ። ወራት ይፈጃል። እሱ ግን «ቅዳሜ ጨዋታ አለን» ይለኛል።

አይሄድም።