ከካራ ቁልቁል በሞላ ባትሪ

በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ መንዳት በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከካራ ተነሥቼ ወደ መገናኛ ስወርድ፣ እንደለመድኩት እግሬን ከፍጥነት መስጫው ላይ አነሣሁ። አውቶቡሱ ግን አልያዘም። ባለፉት ቀናት እግሬን ባነሣሁ ቁጥር ከኋላው በገመድ የተሳበ ያህል ሲገታ የነበረው መኪና በዚያ ንጋት እንደተፈታ ጋሪ ይንደረደር ጀመር። ወዲያው ፍሬን ረገጥኩ፤ ፍሬኑም ያዘ፤ በማንም ላይ ጉዳት አልደረሰም። ከኋላዬ ቆመው የነበሩ እናት ግን «ኧረ ቀስ በል ልጄ፣ ገና ነግቶ አላለቀም!» ብለው ተቆጡኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ዓይኔ ዳሽቦርዱ ላይ ሲያርፍ የባትሪው መጠን 100 በመቶ ይላል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ።

የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሞተር ሁለት ሥራ አለው። ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ጎማውን ያዞራል፤ አሽከርካሪው እግሩን ሲያነሣ ወይም ፍሬን በስሱ ሲነካ ደግሞ በተራው ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩም ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ባትሪው ይመልሳል። መኪናውን የሚይዘው ይኸው የማመንጨት ሥራ ነው። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚመለሰውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው፣ ባትሪው እንዳይጎዳ ሲባል መቆጣጠሪያው ይህን አያያዝ ይቀንሰዋል ወይም ጨርሶ ያቋርጠዋል። አፉ ድረስ በሞላ ጀሪካን ላይ ውኃ መጨመር እንደማይቻል ማለት ነው። በሥልጠናው ላይ ይህ ተነግሮናል፤ ማስታወሻዬ ላይም በእጄ ጽፌዋለሁ። ሆኖም ሥልጠናው ጥቂት ቀናት ብቻ የፈጀ ሲሆን አብዛኛው የተሰጠው በአዳራሽ፣ የቀረውም በሜዳ ላይ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ ያደረ አውቶቡስ ይዞ ከዳገት ራስ ላይ ቀኑን መጀመር ምን እንደሚመስል በሜዳ ላይ ማየት አይቻልም።

ከዚህ በፊት 14 ዓመት የነዳሁት ናፍጣ ነው። ናፍጣ በጆሮ የሚነዳ መኪና ነበር። ማርሽ መቼ እንደሚቀየር የሚነግረን ድምፁ ነው፤ ከኮተቤ ወደ ካራ ስንወጣ ሞተሩ ማቃሰት ሲጀምር ሳይታፈን ቀድሞ ማርሽ መቀነስ የጥሩ ሾፌር ምልክት ነበር። ቁልቁለት ላይም እንዲሁ በከባድ ማርሽ ተይዞ ይወረዳል እንጂ ፍሬን ሲረግጡ መውረድ ሸራውን ማቃጠል እንደሆነ ታላላቆቻችን በቁጣ ጭምር አስተምረውናል። አሁን ፍሪሲዮን የለም፣ የሚቀየር ማርሽ የለም፣ የሚደመጥ ሞተርም የለም። የቀረው እግርና ዓይን ነው። (አነጋገራችን ግን አልተቀየረም። ጠብታ ነዳጅ በሌለው መኪና ላይ ሆነን ዛሬም «ነዳጅ ስጠው» እንባባላለን።)

ለእግሬ አዲስ ትምህርት የሰጠው ሌላው ነገር አነሣሡ ነው። ናፍጣ አውቶቡስ ሰው ጭኖ ከፌርማታ ሲነሣ መስጫውን እስከ ወለሉ ቢረግጡትም እያሰበበት ነው የሚነሣው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ሙሉ ጉልበቱን ገና ከመነሻው ይሰጣል። አንድ ቅዳሜ ከላምበረት ፌርማታ ስነሣ በአሮጌው ልማዴ ረገጥኩና፣ ከገበያ የሚመለሱ አንዲት ሴት እግራቸው ሥር ያስቀመጡት የሽንኩርት ፌስታል ተገልብጦ ሽንኩርቱ በወለሉ ላይ እየተንከባለለ እስከ ኋለኛው በር ድረስ ሄደ። ተሳፋሪው እየሳቀ በመልቀም አገዛቸው። እኔ ግን በመስታወት እያየሁ ያሰብኩት ስለ ሽንኩርቱ አልነበረም፤ በዚያው ቦታ ልጅ ያዘለች እናት ቆማ ቢሆንስ እያልኩ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ከፌርማታ ስነሣ መስጫውን የምነካው የተኛ ሰው እንዳይነቃ በር የሚዘጋ ሰው በሚያደርገው ጥንቃቄ ነው። በእኔ ግምት በዚህ ሥራ ላይ ጥሩውን ሾፌር ከመጥፎው የሚለየው አሁን ይኸው ነው፤ ልዩነቱንም ማንም ሳይናገር የቆመው ተሳፋሪ በጉልበቱ ያውቀዋል።

ስለ ኤሌክትሪክ አውቶቡስ የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ «ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር ይወስዳል?» በሚለው ላይ ይቆማል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ መንገዱ ወዴት እንደሚያዘነብል ሳይታወቅ አይገኝም። 12 ሜትር ርዝመት ያለው የከተማ አውቶቡስ በአማካይ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። አዲስ አበባ ግን አማካይ መንገድ የላትም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሞ፣ ከተማዋ ከግርጌው ጀምራ ወደ አቃቂ እየወረደች ትሄዳለች። ከእነሰዎቹ 16 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ 100 ሜትር ከፍታ ሲወጣ፣ ለከፍታው ብቻ ከ4 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይከፍላል። ናፍጣ ቢሆን ይህ ሁሉ ሲወርድ ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀር ነበር። በኤሌክትሪኩ ከፊሉ ይመለሳል፤ ሁሉም አይደለም፣ የጎማው ፍትጊያና ነፋሱ ድርሻቸውን ይወስዳሉና። በእኔ መስመር ወደ መገናኛ ስወርድ ባትሪው ሁለት በመቶ ያህል ብቻ ይቀንሳል፤ ሰው ሞልቶ ስመለስ ግን እስከ ሰባት በመቶ የሚቀንስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጠዋት ሲወርድ ሁለት በመቶ ብቻ ቀንሶ ያየ አዲስ ሾፌር ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ይሆንልኛል ብሎ ካሰበ፣ ማታ የሥራ መውጫ ሰልፍ ጭኖ ዳገቱን ሲጀምር ይደነግጣል።

ከፍታችን በሌላም በኩል ለዚህ መኪና የተመቸ ነው። በ2,500 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ናፍጣ ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ፣ በተለይ ያረጀ ሲሆን፣ ዳገት ላይ ጉልበቱ ይከዳውና ያልተቃጠለውን ነዳጅ ጥቁር ጭስ አድርጎ ይተፋዋል። በኮተቤ መንገድ ዳር ጉሊት የሚቸረችሩ ሴቶች አውቶቡስ ሲመጣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ የሚያደርጉት ለዚህ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ስለዚህ ከፍታ አይሰማውም። የአየሩ ጠባይም ያግዛል፤ በብርድ አገር ተሳፋሪውን ለማሞቅ፣ በሞቃት አገር ለማቀዝቀዝ ብዙ ባትሪ ይባክናል፤ እኛ ዘንድ መስኮት መክፈትና መዝጋት ይበቃል። የመስኮቱ ጠብ ግን እንዳለ ነው።

ዝምታውን በተመለከተ ሐሳቤ ሁለት ዓይነት ነው። ውስጥ ላለው ሰው ምቾት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መብራት አስቁሞን ሳለ አንዲት አሮጊት ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ጠፋብህ እንዴ?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ እየሠራ ነው» ብላቸው ሙሉ በሙሉ አላመኑኝም፤ እስክንቀሳቀስ ድረስ ዘንጉን ይዘው ያዩኝ ነበር። ቀድሞ በሞተሩ ጩኸት ተሸፍኖ የነበረው የስልክ ወሬም አሁን ከፊት እስከ ኋላ ይሰማል፤ ማን ከማን ጋር በቤት ኪራይ እንደተጣላ ሳልፈልግ አውቃለሁ። ውጭ ላለው ግን ዝምታው አደጋ ነው። በእኛ በኩል፣ ከከተማው ዳር፣ መንገዱን የምንጋራው ከእግረኛ ጋር ብቻ አይደለም። ንጋት ላይ ጭነት የያዙ አህዮችና የሚነዱ በጎች ይገጥሙናል። አህያ የናፍጣን ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ ጥግ መያዝ የለመደ እንስሳ ነው፤ አሁን የሚያውቀን አጠገቡ ስንደርስ ነው። በዝግታ ሲሄድ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ በዘመናዊዎቹ መኪኖች ላይ ይገጠማል፤ ነገር ግን ያ ለስላሳ ዜማ ለአህያም ሆነ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ለሰካ ወጣት ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ጡሩምባ አበዛለሁ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።

«መብራት በሚጠፋበት አገር በመብራት የሚሄድ አውቶቡስ?» የሚለውን ቀልድ በየቀኑ እሰማለሁ። ይህች ከተማ ሰውን በኤሌክትሪክ ማመላለስ የጀመረችው ዛሬ አይደለም፤ ቀላል ባቡሩ ከ2008 መስከረም ጀምሮ እየሠራ ነው። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የኅዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ናፍጣ ግን በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከጂቡቲ በቦቴ ይመጣል። ችግሩ ያለው ማመንጫው ዘንድ አይመስለኝም። ከግድቡ እስከ ቻርጀሩ ባለው መንገድ፣ በተለይም በመጨረሻዋ የሰፈር ትራንስፎርመር ላይ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ 70 ኪሎ ዋት የሚስብ ቻርጀር ማለት ሃያ ምጣድ በአንድ ጊዜ ተጥዶ ማለት ነው። ሃያ አውቶቡስ በአንድ ግቢ ውስጥ ሲሰካ አራት መቶ ምጣድ ይሆናል። ዳር ሰፈሮች ላይ የተዘረጋው መስመር ይህን ታስቦ የተዘረጋ አይደለም። ምጣዱ ሁሉ በሚያርፍበት ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ቻርጅ ማድረግ የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ናፍጣው ሲበላሽ ሾፌርና መካኒክ መንገድ ዳር ሆነው በሽቦም በጨርቅም አስረው ያስነሡት ነበር። ይኸኛው ውስጥ በብዙ መቶ ቮልት የሚቆጠር ኃይል የሚያልፍባቸው ብርቱካንማ ኬብሎች አሉ፤ ያልሠለጠነ ሰው እጁን እንዳያስገባባቸው ቀለማቸው ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ባለፈው ክረምት አንዱ አውቶቡሳችን ማገናኛው ውኃ ገብቶበት ይሁን በሌላ ምክንያት አልነሣም ብሎ ቆመ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ ደግሞ ከመካከላችን አንዳችንም የማናነበው ቋንቋ ነበር። ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ተብሎ ያ አውቶቡስ ወራት ሙሉ አጥር ሥር ቆሞ ወፍ ጎጆ ሠራበት። መኪናውን ከመግዛት እኩል መካኒኩን ማሠልጠንና መለዋወጫውን ማከማቸት ካልታሰበ ትርፉ ይኸው ነው። ካራ ላይ በዝናብ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው አውቶቡሱን ምን እንደሚነዳው ጉዳዩ አይደለም፤ መምጣቱን ነው የሚፈልገው።

ከዚያ ንጋት በኋላ ለኃላፊያችን አንድ ነገር አመለከትኩ፦ ከዳገቱ ራስ ተነሥተው ቀጥታ ቁልቁል የሚወርዱ አውቶቡሶች 90 በመቶ ላይ ሲደርሱ እንዲነቀሉ። ለባትሪው ዕድሜም ይህ የተሻለ መሆኑን ጨምሬ አስረዳሁ። ተቀበሉኝ፤ ትእዛዙም ወጣ። ሌሊት ተረኛው ግን እንቅልፍ ያሸንፈዋል መሰለኝ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን 100 በመቶ ሆኖ ይጠብቀኛል። ስለዚህ በናፍጣው ዘመን ዘንጉን መዝዤ በጨርቅ እየጠረግሁ ዘይት እንደማየው ሁሉ፣ አሁንም ገና መሪውን ሳልይዝ ቁጥሩን አያለሁ። ሞልቶ ካገኘሁት ለተሳፋሪዎቹ ምንም አልነግራቸውም። እግሬን ፍሬን ላይ አድርጌ፣ እስከ ኮተቤ ድረስ፣ እንደ ድሮው በዝግታ እወርዳለሁ።