ኢያን ረሽ፦ ከአጥቂነት የሚጀምር መከላከል

በደብረ ብርሃን ታዳጊ አጥቂዎችን ሳሠለጥን ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳላቸው ዌልሳዊውን ኢያን ረሽን ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ከቼስተር ሲቲ ወደ ሊቨርፑል የተዛወረው ይህ ተጫዋች፣ በሁለት ጊዜ ቆይታው 346 ግቦችን አስቆጥሮ እስካሁን ያልተሰበረውን የክለቡን ክብረ ወሰን ይዟል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ኳስ ሳይዝ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ተከላካዩ ኳሱን ተቀብሎ ቀና ሳይል ደርሶበት ያስጨንቀው ስለነበር፣ የቡድኑ መከላከል ከእርሱ ይጀምር ነበር። በ1986ቱ የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ኤቨርተን ላይ ካስቆጠራቸው ሁለት ግቦች የመጀመሪያውን፣ የቡድን አጋሩ ያን ሞልቢ ያሾለከለትን ኳስ ይዞ ግብ ጠባቂውን በማለፍ ነው ያገባው። በጁቬንቱስ ያሳለፈው አንድ የውድድር ዘመን እንደታሰበው አልሆነለትም። ለዌልስ በ73 ጨዋታዎች 28 ግቦች ያስቆጠረ አጥቂ፣ አንድም የዓለም ዋንጫ ሳይጫወት መቅረቱ ዛሬም ይቆጨኛል።