ማይክሮፎን የማያውቅ ጉሮሮ፦ ከድሬዳዋ እስከ ጀጎል

የኦፔራ ዘፋኝነትን ነገር እያሰላሰልኩ የተሳፈርኩበት ባቡር ድሬዳዋ ሲገባ ከሁሉ ቀድሞ ነገሩን የሚያውቀው ጉሮሮ ነው። ከአዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ወደ 1,200 ገደማ ወርደናል። አየሩ ይግላል፤ ከጣቢያው ወደ ከዚራ የወሰደኝ ባጃጅም ከነፋሱና ከአቧራው አያስጥልም። እዚህ አፍን ዘግቶ መጓዝ ለዘፋኝ የሥራ ደንብ ነው። በአፍንጫ የገባ አየር ይርሳል፣ አቧራውም እዚያው ይቀራል፤ በአፍ የገባው ግን እንዳለ ድምፅ አውታር ላይ ያርፋል።

ውኃም በጊዜው ነው። መድረክ ሊወጡ ሲሉ አንድ ሃይላንድ የሚገለብጡ ዘፋኞች አሉ። ያ ውኃ ድምፅ አውታሩን አይነካውም፤ ቢነካው ትን ይላቸው ነበር። በሆድ አልፎ፣ በደም ዞሮ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። የማታ ሥራ ያለው ሰው ከጠዋት ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ይጠጣል፤ ሽንቱ ነጣ ካለ በቂ ነው። ቶሎ የሚደርሰው እንፋሎት ነው፦ ሙቅ ውኃ በጎድጓዳ ሳህን፣ ፎጣ በራስ ላይ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ። ምንም ቅጠል አይጨመርበት።

ይዤ የመጣሁት ጥያቄ ከእንዲህ ያለ ከተማ የተነሣ ልጅ የኦፔራ ዘፋኝ ልሁን ቢል ምን ይጎድለዋል የሚል ነው። ድምፅ እንዳልሆነ መናኸሪያው ይመሰክራል። «ሐረር! ሐረር! አንድ ሰው የቀረው!» የሚለው ወያላ ከሞተሩ ሁሉ በላይ ይሰማል። ግን አንገቱን እዩት። ደም ሥሩ ተገትሯል፣ አገጩ ወጥቷል፣ ማንቁርቱ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ከመካከለኛው ዶ በላይ ባለው ላ ላይ ድምፅ አውታሮች በሰከንድ 440 ጊዜ ይጋጠማሉ። በኃይል እየተላተሙ ከዋሉ ዶማ የዋለበት መዳፍ እንደሚደድረው ይደድራሉ፤ ቆይቶም እባጭ ያበቅላሉ። ድምፁ ይሻክራል፣ ነፋስ ይቀላቀልበታል፣ መጀመሪያ የሚጠፋውም ላይኛውና ለስላሳው ክፍል ነው።

የኦፔራ ዘፋኝም እንደ ወያላው ማይክሮፎን የለውም፤ ያውም ስድሳ ሰባ ሰው ካለበት ኦርኬስትራ በላይ መሰማት አለበት። በጉልበት ግን አይሞክረውም። የኦርኬስትራው ትልቁ ኃይል 500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ይከማችና ከዚያ በላይ እየሳሳ ይሄዳል። የሠለጠነ ድምፅ፣ በተለይ የወንድ፣ ማንቁርቱን ዝቅ አድርጎ የጉሮሮውን ቧንቧ ሲያስተካክል 3,000 ኸርዝ አካባቢ ተጨማሪ ኃይል ያገኛል። ያ ኦርኬስትራው የሳሳበት፣ የሰው ጆሮ ደግሞ የነቃበት ቦታ ነው።

ይህ ሥልጠና መጀመሪያ የሚጠይቀው መሣሪያ አንድ ብርጭቆ ውኃና አንድ ስትሮው ነው። የስትሮው ጫፍ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ውኃው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ «ኡ» እያሉ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች መንሸራተት ነው፣ ለአምስት ደቂቃ። አረፋው ከተቆራረጠ እስትንፋሱ አልተያዘም ማለት ነው። አንገት ከገተረ ደግሞ ስትሮው ብዙ ጠልቋል፤ ከፍ ይደረግ። ለደከመ ድምፅ ሹክሹክታ ዕረፍት ይመስላል፤ አይደለም። ጨርሶ ዝም ማለት ይሻላል።

ወደ ሐረር የሚወስደኝ ሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ጆሮ ይደፈናል። በተደፈነ ጆሮ የራስ ድምፅ ጭንቅላት ውስጥ ይጮኻል፣ ከውጭ የሚመጣው ፒያኖ ይርቃል፣ ቅኝት ይሳታል። ማዛጋትና ምራቅ መዋጥ ይከፍተዋል። አወዳይ ላይ ቆመን ተሳፋሪው ጫት ገዛ። ጫት አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ሲያስወራም ያሳድራል፤ ለድምፅ ሦስቱም ክፉ ናቸው፣ የመጨረሻው ይበልጥ።

የመንገዱን ርዝመት ለማወቅ ደቡብ አፍሪካዊቷን ሶፕራኖ (ከፍተኛ የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ) ፕሪቲ የንዴን ማየት ይበቃል። ያኔ ፒት ሬቲፍ ትባል ከነበረች ትንሽ ከተማ በ1985 ተወለደች (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን ናቸው)። በ16 ዓመቷ በቴሌቪዥን የአየር መንገድ ማስታወቂያ ላይ ከዴሊብ ኦፔራ ከ«ላክሜ» የሁለት ሴቶችን ዜማ ሰማች፤ ኦፔራ መሆኑን የነገራት የትምህርት ቤት መምህሯ ነው። ኬፕታውን ተማረች፤ ቀጥላ ሚላኖ፣ የላ ስካላ ኦፔራ ቤት አካዳሚ ገባች። በ2009 የቤልቬዴሬን፣ በ2011 የኦፔራሊያን ውድድር አሸንፋ በ2013 ኒው ዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቆመች። ከማስታወቂያው እስከዚያ መድረክ 12 ዓመት ገደማ ነው። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከውድድሮቹ ይልቅ መምህሩን አያለሁ፤ ያ ሰው «አላውቅም» ቢል ኖሮ?

ኑሮውም እንደ ጋዋኑ አያብረቀርቅም። ቋሚ ቅጥር የሌለው ዘፋኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በትዕይንት ነው፤ ጉንፋን ይዞት ካልወጣ ክፍያው ይቀራል። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሚናውን በቃሉ ይዞ መምጣት አለበት። ሚና ለማግኘት ለሚቀርብበት ፈተና አራት አምስት አሪያ (ከኦፔራ የተወሰደ የብቻ ዜማ) በተለያየ ቋንቋ ያዘጋጃል፤ የመጀመሪያውን እሱ ይመርጣል፣ ቀጣዩን ፈታኞቹ። ከከባድ ሚና በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ያርፋል።

ቋንቋው ላይ የእኛ ልጅ ከሚያስበው በላይ ስንቅ አለው። ሐረር፣ ፈረስ መጋላ ላይ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሐረሪ በአንድ ወሬ ውስጥ ሲፈራረቁ ይሰማል። በዓሉን ገናን ጠበቅ፣ «ገና ነው» ሲል ደግሞ ላላ የሚያደርግ ምላስ ጣሊያንኛን አይፈራም። እዚያም «ፓላ» ሲጠብቅ ኳስ፣ ሲላላ አካፋ ነው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ለመያዝ ብዙ ይለፋል። እኛን የሚያስቸግረን «ጠ» ነው። ጣሊያን የሚለውን ስም ራሱን በ«ጣ» ነው የጀመርነው፤ ጣሊያኖቹ ግን ለስላሳ «ታ» ነው የሚሉት። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» ሲወጡ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ማንቁርትም ይዘላል፤ የዜማው መስመር እዚያው ይቆረጣል። መፍትሔው መስመሩን መጀመሪያ በአናባቢ ብቻ መዝፈን፣ ሳይቆረጥ ሲሄድ ብቻ ተነባቢውን መመለስ ነው። ግዕዝና ሳድስ ድምፆችም ጣሊያንኛ ውስጥ የሉም፤ የቃል መጨረሻ «ኤ» ወደ «እ» እንዳይሾልክ ጆሮ ይጠብቀው።

ጀጎል ውስጥ የገባሁበት የሐረሪ ቤት ለዓይን ድግስ ነው፤ ለዘፋኝ ወጥመድ። ነደባው (መቀመጫ መደቡ) በምንጣፍና በትራስ ተሸፍኗል፣ ግድግዳው በስፌት ሥራ ተሞልቷል፤ ሁሉም ድምፅ ይጠጣል። አንዴ አጨበጨብኩ፤ ምንም አልተመለሰም። በኦፔራ ቤት ድምፅ ከቆመ በኋላ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይቆያል፤ ዘፋኙ በዚያ ምላሽ ራሱን ይለካል። ምላሽ ሲያጣ ድምፁ ያነሰ ይመስለውና ይገፋል፣ ሳያውቀው ወያላ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ክፍል በጆሮ ሳይሆን ፊት አጥንትና ጥርስ ላይ በሚሰማ ንዝረት መመራት ነው፤ ከ20 ደቂቃ በላይም አለመቆየት።

የሚመልሰውን ቦታ ያገኘሁት ውጭ ነው። «መኪና ግርግር» የሚባለው የልብስ ሰፊዎች ጠባብ መንገድ በሁለት ወገን ድንጋይ ነው፤ ጭብጨባው ጥርት ብሎ ተመለሰ። ግን በማለዳ መሆን አለበት። የልብስ ሰፊዎቹ መኪኖች ከተነሡ በኋላ እዚያ የሚሰማው የእነሱ ድምፅ ብቻ ነው።